ከባሕር ዳር ለወዳጄ፤ ስለ ሌዘር ፕሮጀክተሩ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርብልሃለሁ። አንተና ቤተሰብህ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። ሳንጻጻፍ ብዙ ስለቆየን የተከማቸው ወሬ ብዙ ነው፤ እርሱን በአካል ስንገናኝ እናወጋዋለን። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ያለ አንተ እጅ ሊያልቅ ስለማይችል አንድ ሥራ ላጫውትህ ነው።

እዚህ ባሕር ዳር አንድ የሠርግ አዳራሽ ባለቤት ሌዘር ፕሮጀክተር እንድሠራለት ጠይቆኛል። አዳራሹ 30 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጣሪያው ግን ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው ይልቅ ለቦታው ተለክቶ የተሠራ ይሻለኛል አለ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስንት ዋት እንደሚሆን ነበር፤ 10 ዋት ስለው ቅር አለው፤ በስልኩ 20 ዋት የሚል ማስታወቂያ አይቶ ኖሯል። ዋት ብቻውን ለዓይን ብዙ እንደማይነግር ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ዓይናችን አብልጦ የሚያየው የሞገድ ርዝመቱ 555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ብርሃን ነው። እኔ የመረጥኩት የአረንጓዴ ዳዮድ (ጨረሩን የሚያመነጨው ትንሽ ክፍል) 520 ናኖሜትር ስለሆነ ደምቆ ይታያል፤ 638 ናኖሜትር የሆነው ቀይ በእኩል ዋት የአረንጓዴውን ሩብ ያህል ብቻ ይደምቃል፤ 450 ናኖሜትር የሆነው ሰማያዊ ደግሞ ወደ አንድ ሃያኛ ይወርዳል። ይሁንና ከሦስቱ በዋት ርካሹ ሰማያዊ ስለሆነ፣ ቁጥር ማሳበጥ የሚፈልግ ሻጭ ሰማያዊውን ይከምርበታል። እኔ ቀዩን 4፣ አረንጓዴውን 3፣ ሰማያዊውን 3 ዋት አድርጌዋለሁ።

ሰውየውን ያስደነገጠውና ዋትን እንዲረሳ ያደረገው ግን ሌላ ነገር ነው። ከ500 ሚሊዋት በላይ የሆነ ሌዘር በዓለም አቀፉ ደረጃ አራተኛውና ከሁሉ አደገኛው መደብ ውስጥ ይገባል። ፕሮጀክተሩ ሥዕል የሚሥለው ሁለት ትንንሽ መስታወቶች፣ አንዱ ወደ ግራና ቀኝ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች፣ በከፍተኛ ፍጥነት እየተወዛወዙ አንዱን ነጥብ ስለሚያስሮጡት ነው። መስታወቶቹ በብልሽት ቢቆሙስ? ያ ሁሉ ኃይል አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ይቀራል። አስላሁት፦ ከሳጥኑ 5 ሚሊሜትር ሆኖ የሚወጣው ጨረር በየሜትሩ አንድ አንድ ሚሊሜትር እየሰፋ ቢሄድ፣ በአዳራሹ ጫፍ 3.5 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ ባለው ሩብ ሰከንድ ውስጥ ሰው ሊቋቋመው ይችላል ተብሎ ከተወሰነው ልክ ጋር ሲነጻጸር ወደ 400 እጥፍ ይደርሳል። እንግዲህ ይህ 30 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ እንግዳ ነው፤ ቀረብ ብሎ ለሚጨፍረውማ ምን እንደሚሆን አንተው ገምተው።

ስለዚህ መስታወቶቹ እንደቆሙ ጨረሩን ወዲያው የሚቆርጥ ሰርኪዩት ሠርቻለሁ። ጨረሩም ከወለሉ ከ3 ሜትር በታች እንዳይወርድ ሳጥኑ አፍ ላይ የላሜራ ከለላ አበጅቼለታለሁ፤ በኮምፒውተር የሚደረግ ገደብ በኮምፒውተር ይፈታል፤ ላሜራን ግን ማንም ሳያውቅ አይፈታውም። 3 ሜትር የተለመደው ልክ ነው፤ ሆኖም በእኛ አገር ሠርግ ሚዜዎች ሙሽራውን በትከሻቸው ተሸክመው እየዘለሉ ስለሚጨፍሩ ብዙ ትርፍ ቦታ የሚሰጥ አይደለም፤ ጣሪያው በፈቀደልኝ መጠን ከፍ አድርጌዋለሁ። ለቪዲዮ አንሺዎችም አስቤላቸዋለሁ፤ የካሜራ ሴንሰር በአንድ ቅጽበት ሊቃጠል ይችላልና። መብራት ሄዶ ሲመለስም ሆነ ጄኔሬተር ሲነሣ መሣሪያው በራሱ አይበራም፤ ቁልፉን የያዘው ሰው መጥቶ ዳግመኛ ካላስነሣው በስተቀር ጨለማ ሆኖ ይቆያል። ባለቤቱ አንዳንድ ምሽት ጨረሩን ወደ ጣና ሰማይ ልልቀቀው ብሎ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው፣ የአብራሪ ዓይን ይጨልማል ብዬ እንቢ አልኩ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ ልምጣ። ሦስቱ ጨረሮች በመስታወት እየተጠጋጉ አንድ መስመር ሆነው መውጣት አለባቸው። ባለፈው እሑድ ቤት ውስጥ ቡና ተፈልቶ እጣን ሲጤስ፣ ጭሱ ሌንሶቹ ላይ አርፎ እንዳያቃጥላቸው ሳጥኑን በደንብ ከድኜ፣ ኃይሉን ወደ ጥቂት ሚሊዋት አውርጄ አበራሁት። ጨረሩ በጭሱ ውስጥ ጥርት ብሎ ታየ፤ ቀዩ አረንጓዴው ላይ ሲያርፍ ቢጫ ሆነ፣ ሰማያዊው ሲጨመር ነጣ። መከላከያ መነጽሩ ሦስቱንም ቀለም ስለሚጋርድ፣ እንዲህ ያለውን ማስተካከል በዝቅተኛ ኃይል ካልሆነ በቀር መሥራት አይቻልም። ኃይሉን ከፍ አድርጌ ጥቂት እንደቆየ ግን ነጩ ጠርዝ ላይ ቀይ ዘርፍ አወጣ። መስታወት ባዘነበለ ቁጥር ጨረሩ በእጥፍ ይዞራል፤ የግማሽ ሚሊራዲያን ዝንባሌ፣ ማለትም እጅግ ትንሽ ማዕዘን፣ በ30 ሜትር ላይ 3 ሳንቲሜትር ይሆናል። መስታወቶቹን ለሙከራ ያሰርኩበት ስስ ላሜራ ደግሞ ሲሞቅ ይጎብጣል። ከተማችን 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩም ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል፤ ቀዩ ዳዮድ ደግሞ ሲሞቅ ከሁሉ ቀድሞ ይደክማል።

የምለምንህ እንግዲህ 15 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም መደብ እንድትሠራልኝ ነው። የላይኛው ፊቱ በማሽን ተልጎ ፍጹም ዝርግ ይሁን፤ ከሥሩ ሙቀት ማስተንፈሻው ስለሚታሰር እርሱም ለስላሳ ይሁን። የቡሎን ቀዳዳዎቹን ጥርስ አውጣላቸው፤ ልካቸው ከዚህ ደብዳቤ ጋር በላክሁልህ ሥዕል ላይ አለ። እዚህ ያሉት ቶርኖ ቤቶች ጎበዞች ናቸው፤ ይህን የሚያህል ሰሌዳ ሳይጎብጥ የሚልግ ማሽን ግን አላገኘሁም። ሲያልቅ በአውቶቡስ ላክልኝ፤ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበላለሁ። ዋጋውን ለወንድም ብለህ እንዳትቀንስ፤ ከፋዩ ባለ አዳራሹ ነው።

አክባሪ ወንድምህ
ባሕር ዳር