ከጫፉ ጀምሪ

የኔ ቆንጆ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ትናንት በቪዲዮ ስናወራ ሻሽሽን አልፈታም ስትዪ ነው የጠረጠርኩት። ስትፈቺው ዝም ያልኩት አባትሽ አጠገቤ ስለነበር ነው። ፀጉርሽ ገለባ መስሏል። "እማ፣ የድሬ ውሃ ነው" አልሽኝ። እውነትሽን ነው፣ ግን ግማሹን ነው።

ሻይ የምታፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እዪው። ነጭ ቅርፊት ይዟል አይደል? የድሬዳዋ ውሃ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ነው፣ ካልሲየም ይበዛዋል። ያ የሚጋገረው ነገር ፀጉርሽ ላይም ይቀራል። በገላ ሳሙና ስትታጠቢ ደግሞ ይብሳል፤ ሳሙናና እንዲህ ያለ ውሃ ሲገናኙ ተለጥፎ የማይለቅ ዝቃጭ ይሠራሉ። ስለዚህ ሳሙናውን ለገላሽ፣ ሻምፖውን ለፀጉርሽ አድርጊ። በሁለት ሳምንት አንዴ መጨረሻ ላይ በአቼቶ ተለቅለቂ። ለ1 ሊትር ሃይላንድ ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ከዚያ አታስበልጪ። ትንሽ ቆይተሽ በውሃ አስለቅቂው። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል። እስኪደርቅ ጓደኞችሽ "ሰላጣ ሰላጣ ሸተትሽ" ቢሉሽ ቻይው። ሎሚ ግን እንዳትጨምቂበት፣ ኃይለኛ ነው።

ሌላው ግማሽ የኔ ጥፋት ነው። ትዝ ይልሻል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ በጉልበቴ ይዤሽ፣ ደረቁን ፀጉርሽን ከሥሩ ወደ ታች በሚዶ እጎትተው ነበር። ታለቅሺያለሽ። እኔ ደግሞ "ዝም በይ፣ ለማማር እኮ ነው" እላለሁ። እናቴም እኔን እንደዚያው ነበር ያበጠረችኝ። ሚዶው ላይ የሚቀረውን ፀጉር ጠቅልዬ ስጥል፣ አንድ ቀን እንኳ ይሄ ሁሉ ለምን ተበጠሰ ብዬ አልጠየቅኩም።

የኛ ፀጉር ጥቅልል ነው። በተጠቀለለበት ሁሉ ይሳሳል፣ እዚያው ይበጠሳል። ከሥሩ ስትጎትቺው ትንንሾቹ ቋጠሮዎች ወደ ታች እየተገፉ ጫፉ ላይ አንድ ትልቅ ቋጠሮ ይሆናሉ። አንቺ ታለቅሺ የነበረው በዚያ ነው።

ፀጉር በወር ወደ 1 ሴንቲሜትር ነው የሚያድገው። ያንቺ ሲሳብ 30 ይሆናል። እንግዲህ ጫፉ የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ፣ ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳለሽ የበቀለ ነው። ያን ሁሉ ፀሐይ፣ ያን ሁሉ ሹሩባ፣ የምርቃትሽን ቀን ፒያስትራ ሳይቀር ችሏል። ሥሩ ግን ገና ትናንት የወጣ ነው። ለዚህ ነው ሻምፖው ለራስ ቅልሽ፣ ኮንዲሽነሩ ለጫፉ የሚሆነው። ላቡና ቅባቱ ያለው ራስሽ ላይ ነው፤ እሱን በጣቶችሽ ጫፍ እሺው፣ በጥፍርሽ አትቧጭሪው። አረፋው ሲወርድ የታችኛውን ይዞት ይሄዳል፣ ለብቻው ማሸት አያስፈልገውም።

ከመታጠብሽ በፊት ለአራት ክፈዪውና በላስቲክ ያዢው። ውሃ በፈረቃ ነው ብለሻል፣ ስለዚህ ባልዲና ጆግ ይበቃሽ። ሻምፖውን ካስለቀቅሽ በኋላ ውሃውን ጨመቅ አድርጊና ኮንዲሽነሩን ከጆሮሽ በታች ቀቢው። አትሰስቺ። የተጎዳ ፀጉር ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው፣ ኮንዲሽነሩ ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ ፖዘቲቭ። ኢንጂነሪንግ ተማሪ አይደለሽ፣ ቀሪውን አንቺ አስረጂኝ። በጣም የተጎዳው ቦታ ላይ ነው በደንብ የሚይዘው። 5 ደቂቃ ይቆይ።

ያኔ፣ ኮንዲሽነሩ እያለበት፣ ጥርሱ ሰፋፊ በሆነ ማበጠሪያ ከጫፉ ጀምሪ። ሁለት ጣት ያህል ከተፈታ ወደ ላይ ከፍ በይ። እንቢ ያለሽን ቋጠሮ በጣትሽ ፍቺው። ደረቁን አታበጥሪው፣ አደራ። ከዚያ በደንብ ተለቅለቂ። በፎጣ ማሸት ይቅር፣ በጥጥ ልብስ ጠቅልለሽ ውሃውን አስመጥጪው። በሳምንት አንዴ ይበቃል፤ ፈተና ከሆነ በሁለት ሳምንት።

ለጋ ቅቤውን አልነቅፍም፣ አያትሽ ትቀየመኛለች። ግን ቅቤ የኮንዲሽነርን ሥራ አይሠራም። ከመታጠብሽ በፊት ተቀቢውና ፌስታል አድርጊበት። እዚህ አዲስ አበባ እንደለመድሽው ይዘሽው እንዳታድሪ ብቻ። በድሬ ሙቀት ቀልጦ አንሶላሽ ላይ ነው የሚያድረው። 2 ሰዓት በቂ ነው።

ነገ በአውቶቡስ የምልክልሽ ዕቃ ውስጥ ቅቤው በብልቃጥ አለ፣ ማበጠሪያውም አለ። ለፎጣው ምትክ የአባትሽን ነጭ ካናቴራ ጨምሬያለሁ። ያቺ የሚወዳት ናት። አላስፈቀድኩትም። ከጠየቀሽ አላየሁም በዪው።

እናትሽ