ፎቶው ላይ ያለው ኤመራልድ አይደለም፣ ጉድጓዱም ባለቤት አለው

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ስለ እንግሊዝ አሮጌ የማዕድን ጉድጓዶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት፣ እውነት ለመናገር ርዕሱን ሳየው ደስ ነው ያለኝ፣ በአማርኛ ስለዚህ ነገር ሲጻፍ አይቼ አላውቅማ። ስጨርሰው ግን ተናደድኩ። አንደኛ ከፎቶው ስር «ኤመራልድ» ያላችሁት አረንጓዴ ድንጋይ ኤመራልድ አይደለም፣ ፍሎራይት የሚባል ሌላ ማዕድን ነው፣ ቅርጹን ማየት ይበቃል፣ አራት ማዕዘን ኩቦች እርስ በርስ ተሰካክተው ነው የበቀሉት፣ ኤመራልድ እንዲህ አይበቅልም፣ ስድስት ጎን ያለው ዘንግ ነው የሚሆነው። እንግሊዝ ውስጥ ኤመራልድ የሚወጣበት ጉድጓድም የለም። እባካችሁ እሱን አስተካክሉልን። ሁለተኛው የባሰ ነው፣ «ማንም ሰው ቶርች ይዞ ገብቶ ሊለቅመው የሚችል ሀብት» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች፣ ይቺ ዓረፍተ ነገር ሰው ልትገድል ትችላለች፣ እየቀለድኩ አይደለም።

እኔ ኒውካስል ነው የምኖረው፣ ድንጋይ መሰብሰብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ እዚህ ያሉ አበሾች ያውቁኛል፣ ይስቁብኛልም። ጽሑፋችሁ በወጣ በማግስቱ ልጆቹ መደወል ጀመሩ፣ «ጋሼ ቦታው ካንተ ቤት ሩቅ አይደለም አሉ፣ ቅዳሜ ይዘኸን ሂድ፣ መዶሻ ገዝተናል»። መዶሻ ገዝተዋል! ሄልሜትስ አልኳቸው፣ ዝም። ስንት ይሸጣል ነው ቀጣዩ ጥያቄ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር። ፎቶው ላይ ያለው ዓይነት ድንጋይ የሚወጣው ከዌርዴል ነው፣ በደራም አውራጃ ውስጥ ያለ ሸለቆ ነው፣ ፍሮስተርሊ ከምትባል መንደር አጠገብ ሮጀርሊ የሚባል አሮጌ የኖራ ድንጋይ ካባ አለ፣ እዛ ነው። አካባቢው በሙሉ ለመቶዎች ዓመታት የእርሳስ ማዕድን አገር ነበር፣ ያን ጊዜ የሚፈለገው ጋሊና የሚባለው ብረት የሚመስል ከባድ ድንጋይ ነበር፣ እርሳሱ ያለው እሱ ውስጥ ነዋ፣ ፍሎራይቱን ሠራተኞቹ እንደ ቆሻሻ ነበር ከደጅ የሚከምሩት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የእርሳስ ዋጋ ወደቀ፣ ከውጭ ርካሽ ገባ፣ ኩባንያዎቹ ለቀው ወጡ። ከዛ ደግሞ የብረት ፋብሪካዎች ፍሎራይት ፈለጉ፣ ምድጃ ውስጥ ሲጨመር ቀልጦ ከብረቱ የሚለየውን ዝቃጭ ቀጭን አድርጎ በቀላሉ እንዲፈስ ስለሚያደርገው። የትናንቱ ቆሻሻ የዛሬ እንጀራ ሆነ ማለት ነው፣ የድሮ ክምሮችን ሳይቀር መልሰው ቆፈሯቸው። እሱም አለፈ፣ እዛ አካባቢ ከቀሩት የመጨረሻዎቹ አንዱ የነበረው ግሮቭሬክ የሚባል ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ1999 ተዘጋ።

ድንጋዩ እንዴት እዛ እንደመጣ ራሱ ጉድ ነው። ጂኦሎጂስቶቹ ከስር ግራናይት (ከቀለጠ አለት ቀዝቅዞ የተፈጠረ ጠንካራ ድንጋይ) መኖር አለበት ብለው ገምተው ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1960 እና 61 እዛው ዌርዴል ሩክሆፕ የምትባል መንደር ላይ ጠልቀው ቆፈሩ፣ 390 ሜትር ገደማ ላይ ግራናይቱን አገኙት፣ ግን ከላይ ካለው የኖራ ድንጋይ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ሆኖ ተገኘ፣ ጫፉ በፀሐይና በዝናብ ተሸርሽሮ ከቆየ በኋላ ነው ሌላው የተነጠፈበት። ስለዚህ ግራናይቱ ትኩስ ሆኖ ወጥቶ ማዕድኑን ይዞ መጣ የሚለው ሐሳብ ፈረሰ፣ በኋላ ዘመን በስንጥቆቹ በኩል የወጣ ሙቅና ጨዋማ ውሃ ነው ነገሩን ያመጣው። ያ ውሃ የኖራ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ወደ ጎን እየገባ ድንጋዩን እየበላ በቦታው ሌላ ማዕድን ተካ፣ መሀል መሀል ላይ ባዶ ቦታ ቀረ፣ ክሪስታሎቹ ያደጉት እዛ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዛሬ በጭቃ ተሞልቶ ነው የሚገኘው።

ከጭቃው ወጥቶ የታጠበውን ግን አንዴ በእጃችሁ ብትይዙት ነገሩ ይገባችሁ ነበር። ቤት ውስጥ በአምፑል ስታዩት እንደ ጠርሙስ አረንጓዴ ነው፣ ይዛችሁት ደጅ ስትወጡ ዓይናችሁ እያየ ወደ ሰማያዊ ይዞራል፣ ወይን ጠጅ የሚመስልም አለ፣ ደመናማ ቀን ላይ እንኳን ይሠራል (እዚህ አገር ደግሞ ሌላ ዓይነት ቀን የለም)። ውስጡ በጣም ትንሽ ዩሮፒየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ፣ እሱ የማናየውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይመልሰዋል። ብዙ ፍሎራይት ይህን የሚያሳየው ጨለማ ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት ብቻ ነው፣ የዌርዴሉ በቀን ብርሃን ስለሚያሳይ ነው ዓለም ያበደለት። ለብዙ ጊዜ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ከተዋችሁት ግን ቀለሙ ሊደበዝዝ ይችላል፣ ሰብሳቢ ሁሉ መሳቢያ የሚወደው ለዚህ ነው። በድንገት ሙቅ ውሃ ውስጥ ከከተታችሁትም ይሰነጠቃል። ለቀለበትም አይሆንም፣ ጥንካሬው ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የሞስ መለኪያ 4 ብቻ ነው፣ ቢላዋ ይጭረዋል፣ መሬት ላይ ከወደቀ በአራት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ነው የሚሰነጠቀው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አዎ ከሮጀርሊ የወጣ ጥሩ ቁራጭ በብዙ ፓውንድ ይሸጣል፣ አልዋሽም። ግን ያ ድንጋይ እንዴት ነው የወጣው? ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያገኙት የአካባቢው ሰብሳቢዎች ናቸው፣ ከ1999 ጀምሮ ደግሞ ለክሪስታል ብቻ ተብሎ የተቋቋመ ድርጅት በውል ተከራይቶ ነው የሠራው፣ ከእሱ በኋላ እዛው ካባ ውስጥ ዳያና ማሪያ የሚባል ሌላ መግቢያ ተከፈተ። ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፣ ፈንጂ፣ የአየር ማስገቢያ፣ ጣሪያ መደገፊያ፣ ሁሉም አለ። ወራት ቆፍረው ባዶ እጃቸውን የሚወጡበት ጊዜም አለ። ከዛ ማጠብ፣ ዝገቱን በአሲድ ማስለቀቅ፣ ትርፍ ድንጋዩን መቁረጥ። በመዶሻ የሚመታ ሰው የሚያገኘው ብስኩት ነው፣ ክሪስታሉ በመጀመሪያው ምት አለቀ።

እና ደግሞ ጉድጓዱ «የማንም» አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ መሬቱ ባለቤት አለው፣ ከመሬቱ ስር ያለው የማዕድን መብት ብዙ ጊዜ ሌላ ባለቤት አለው፣ ሁለቱ አንድ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ። ብዙዎቹ አሮጌ ቦታዎች ደግሞ በቅርስነት ወይም በሳይንስ ጠቀሜታቸው በሕግ የተጠበቁ ናቸው፣ እዛ መቆፈር ያስከስሳል። ካምብሪያ ውስጥ ኮልድቤክ ፌልስ የሚባለው ተራራ ላይ ለምሳሌ ከብሔራዊ ፓርኩ ፐርሚት ሳይያዝ ድንጋይ መሰብሰብ አይቻልም። ደርቢሻየር ካስልተን ያለው ብሉ ጆን የሚባለው ባለ መስመር ፍሎራይት ደግሞ የዋሻዎቹ ባለቤቶች ራሳቸው ናቸው የሚያወጡት፣ በዓመት ግማሽ ቶን ገደማ ብቻ፣ እናንተ ትኬት ቆርጣችሁ ማየት፣ ከሱቁ መግዛት ነው።

ስለ አደጋው ጽሑፋችሁ አንድ መስመር እንኳን የለውም፣ ይኼ ነው ያበሳጨኝ። በእነዚህ ጉድጓዶች ውስጥ የምትረግጡት ወለል ወለል ላይሆን ይችላል። የድሮዎቹ ማዕድኑን ወደ ታች ተከትለው ቆፍረው ሲያበቁ ባዶውን በእንጨት ሸፍነው ላዩ ላይ ድንጋይና አፈር ደልድለው መንገድ አድርገውታል፣ እንጨቱ መቶ ዓመት ውሃ ውስጥ በስብሷል፣ ከላይ ስታዩት ደህና መሬት ነው፣ ከስሩ ስንት ሜትር ባዶ እንዳለ አታውቁም። ከራሳችሁ በላይም እንደዛው፣ ጥቅም የሌለውን ድንጋይ ወደ ውጭ ላለማመላለስ እንጨት ላይ ከምረውት ሄደዋል። ኦክስጅን ያነሰበት አየር ደግሞ ሽታ የለውም፣ ሳታውቁት እግራችሁ ይዝላል። ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ኮርንዎል ከሄዳችሁ አርሴኒክ የሚባል መርዝና ሬዶን የሚባል ጨረር ያለው ጋዝ ይጨመርበታል። ስልክ ከመግቢያው ጥቂት ሜትር በኋላ ኔትወርክ የለውም። እኛ አገር ደላንታ ላይ ኦፓል የሚቆፍሩ ልጆች ገደል ተደርምሶባቸው ስንቶቹ እንደሞቱ እናንተው ዘግባችሁ የለ? እነሱ እንጀራ አጥተው ነው፣ እዚህ ደህና ሥራ ያለው ልጅ ለፎቶ ብሎ እንዲሞት ለምን እንጋብዘዋለን።

ሰው «ታዲያ ምኑን ነው የምትወዱት» ይለኛል። ዌርዴል ውስጥ የእርሳስ ሠራተኞች የሚሠሩት አንድ ነገር ነበር፣ ስፓር ቦክስ ይሉታል። ፊቱ መስታወት የሆነ የእንጨት ሳጥን ነው፣ ውስጡ ከጉድጓድ ያመጡትን ክሪስታል ዋሻ አስመስለው ይደረድሩታል፣ አንዳንዱ መንገድና ቤት ሁሉ አለው፣ ከጎንና ከኋላ መስታወት ያደርጉና ሻማ ሲያበሩበት ማለቂያ የሌለው ዋሻ ይመስላል፣ በውድድር ያቀርቡት ነበር። አስቡት፣ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ውሃ እየነከረው ሲቆፍር የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ተቀምጦ ያንኑ ዋሻ በትንሹ መልሶ ይሠራል። ያ ሰው ያን የሚሠራው ለገንዘብ አልነበረም።

እኔ ጋ ካሉት ሁሉ የምሳሳላት አንዲት የእጅ መዳፍ የማትሞላ ወይን ጠጅ ፍሎራይት አለች፣ አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ጋሊና ተቀምጦባታል፣ አንዱ ኩብ ጫፉ ተሰብሯል፣ ገበያ ላይ ብዙ አታወጣም። ግን ከስሯ የተጣጠፈች ቡናማ ወረቀት አለች፣ በቀለም ብዕር «ቦልትስበርን፣ ሩክሆፕ» ተብሎ ተጽፎባታል። ቦልትስበርን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተዘጋ ጉድጓድ ነው፣ ዛሬ ገብቶ ሌላ አምጥቶ ማወዳደር አይቻልም፣ ስለዚህ ያቺ ወረቀት ከጠፋች ድንጋዪቱ ከየትም ልትሆን ትችላለች፣ ሳይንቲስትም አይጠቀምባት፣ ሰብሳቢም አይፈልጋት። ሰር አርተር ራስል የሚባሉ ሰው ዕድሜ ልካቸውን በእነዚህ ጉድጓዶች እየዞሩ በሺህ የሚቆጠር ናሙና ሰብስበዋል፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሞቱ ስብስቡ ለንደን ላለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው የገባው፣ ክብሩ የድንጋዮቹ ውበት ብቻ አይደለም፣ እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ መጻፉ ነው። ኦንላይን ስትገዙም መጀመሪያ ሌብሉን፣ የወጣበት ቦታ የተጻፈበትን ወረቀት፣ ጠይቁ፣ «እንግሊዝ» ብቻ ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው እለፉት፣ የቻይናውን ወይን ጠጅ የእንግሊዝ ብሎ የሚሰጥ አይጠፋም።

በነገራችን ላይ የእኛው የወሎ ኦፓልም እንዲሁ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ ዓለምን አዳርሷል፣ ግን «ወሎ» ከሚለው ውጭ ከየትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው ገደል እንደወጣ የተጻፈበት ቁራጭ በእጄ ገብቶ አያውቅም። እስቲ በዚህ ላይ አንድ ጽሑፍ ሥሩ፣ እኔ ከምነግራችሁ የእንግሊዝ ወሬ የበለጠ ይጠቅማል።

ለደወሉልኝ ልጆች የነገርኳቸውን ለአንባቢዎቻችሁም ልበል። መጀመሪያ ለንደን ከሆናችሁ ሙዚየሙ ሂዱ፣ ነፃ ነው፣ የማዕድን አዳራሹን ቀስ ብላችሁ እዩት። ከዛ የሰብሳቢዎች ክለብ ውስጥ ግቡ፣ ራስል ሶሳይቲ የሚባለው አለ፣ ስሙ ቅድም ያነሳኋቸው የሰር አርተር ነው፣ እነሱ የባለቤቱን ፈቃድ ጠይቀው በቡድን ይወጣሉ፣ ጀማሪ ያስተምራሉ። እኔም ብሆን የምወስዳችሁ ውጭ ያለ፣ ባለቤቱ የፈቀደው ክምር ላይ ነው፣ ሄልሜት፣ ጓንትና የዓይን መነጽር ሳይኖር መኪናዬ ውስጥ አትገቡም፣ ጋሊና ውስጥ መርዛማ እርሳስ ስላለ እጅ ሳይታጠብ ሳንድዊች አይበላም፣ ያገኛችሁትን እዛው በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ቦታውንና ቀኑን ትጽፉበታላችሁ። ወዴት እንደሄዳችሁና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ቤት ለቀረ ሰው ንገሩ፣ ያ ሰው ሰዓቱ ካለፈ 999 ደውሎ ፖሊስ ይጠይቅ፣ ለፖሊሱ ደግሞ የዋሻ ነፍስ አድን ቡድን ያስፈልጋል ይበለው፣ ቡድኑን የሚጠራው ፖሊስ ነው።

አክባሪያችሁ
ከኒውካስል