የዜግነት ትምህርት ከሰፈራችን ይጀምር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጆቻችን የዜግነት ትምህርት ይሸመድዳሉ፤ ሕንፃችን የቆመበት መሬት የማን እርሻ እንደነበር፣ ገበሬዎቹ ምን ቃል ተገብቶላቸው እንደለቀቁ ግን ማንም አይነግራቸውም። የነዚያ ገበሬዎች ልጆች እኮ አብረዋቸው የሚማሩ እኩዮቻቸው ናቸው!

ሕጉ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 4 አርሶ አደር መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው ይላል፣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳና መልሶ ማቋቋም እንዴት እንደሚፈጸም ይደነግጋል። ይህን ክፍል ውስጥ አንብቦ ጎረቤትን መጠየቅ ምን ይከብዳል?

በካናዳ፣ ሳስካችዋን ውስጥ፣ መንግሥት ከነባር ሕዝቦች ጋር የገባቸውን ውሎች ማስተማር ግዴታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1876 የተፈረመው ስድስተኛው ውል አንዱ ነው። ኋላ የመጣውም ሰው በውሉ እንደሚታሰር ልጆቹ ይማራሉ። የእኛ ታሪክ ከነሱ ይለያል፣ አዎ። እኛም ግን በሰው እርሻ ላይ ቤት የደረሰን ሰዎች ነን፣ ልጆቻችን ይህን ማወቅ አለባቸው።

መምህራን ሆይ፣ አዲስ መጽሐፍ አትጠብቁ። የአካባቢውን አባቶችና እናቶች ክፍል ጋብዙ፣ አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ተማሪዎች ያስተርጉሙ። እኛ ወላጆችም መጥተን እንስማ።

አንድ የኮዬ ፈጬ ወላጅ