ጥርስ ባዳ ነው

ውድ እማዬ፣

ከመደወል ይልቅ መጻፍ የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ስልክ ላይ ድምፄን አሳምርብሻለሁ። አንቺም ታሳምሪብኛለሽ። «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» «እኔማ ምን እሆናለሁ» ተባብለን እንዘጋዋለን።

ከደረጃ ወድቀሽ ጉልበትሽን መጎዳትሽን የሰማሁት ከእህቴ ነው። ሦስት ሳምንት ሆኖሻል አሉ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አራት ጊዜ አውርተናል። አንዱን ቀን «ምነው ድምፅሽ ደከመ?» ስልሽ «አሁን ከእንቅልፌ ተነስቼ ነው» አልሽኝ። ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ። ማታ ላይ ግን ንዴቴ በረደ። እኔስ ምን የተሻልኩ ነኝ? ከሥራ ከወጣሁ አራት ወር አልፎኛል፣ እማዬ። «ሥራ እንዴት ነው?» ባልሽኝ ቁጥር «ቢዚ ነኝ» እያልኩ ነው የከረምኩት።

በቀደም የላክሁልሽን ፎቶ ታስታውሻለሽ? ከጓደኞቼ ጋር እየሳቅሁ የተነሳሁትን። ሁሉም «እንዴት አምሮብሻል» አለኝ። አንቺ ብቻ «ዓይንሽ ምን ሆኗል?» ብለሽ ጻፍሽልኝ። መብራቱ ነው ብዬ አለፍኩት። እ.ኤ.አ. በ1862 ዱሼን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ስለዚሁ ጽፎ ነበር። የሰው ፊት ላይ ኤሌክትሪክ እያስነካ የትኛው ጡንቻ ምን እንደሚሠራ ያጠና ሰው ነው። ጉንጭን የሚስበው ጡንቻ ይታዘዘናል፣ በዓይን ዙሪያ ያለውን የሚያንቀሳቅሰው ግን እውነተኛ ደስታ ነው አለ። ዛሬ ያንንም አስመስለው የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች እንዳሉ ታውቋል። እኔ ግን አልቻልኩበትም፤ ቢያንስ አንቺ ዘንድ።

ሥራዬም ያው ፈገግታ ነበር። ደንበኛ ሲቆጣም፣ ሲሳደብም ፈገግ ማለት። ሆክሽልድ የተባለች አሜሪካዊት የሶሲዮሎጂ ምሁር የበረራ አስተናጋጆችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው ሥራ፣ ከረጅም ጉዞ በኋላ ድክም ብሏቸው እንኳ ያን የተሠራ ደስታ ማውለቅ ስላቃታቸው ሰዎች ጽፋለች። ሳነበው ራሴን አገኘሁት። ቤት ገብቼ፣ ብቻዬን ሆኜ፣ ጉንጬ እንደተሳበ የሚቀርበት ቀን ነበር።

ሁሉም ማስመሰል መጥፎ ነው አልልም። ፊት ለፊት እያቀፈ ዞር ሲሉለት የሚቦጭቀውን ሰው ተይው፤ እሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። እኔ የማስበው ስለ ሌላ ፊት ነው። አባዬ የታመመ ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነበር። በበሩ ቀዳዳ አየሁሽ። የቧንቧውን ውሃ ከፍተሽ፣ በውሃው ድምፅ ተሸፍነሽ ታለቅሻለሽ። ከዚያ ፊትሽን ታጠብሽ። በቀሚስሽ ጫፍ ጠረግሽው። መስታወቱ ፊት ቆመሽ አንዴ፣ ሁለቴ ፈገግ አልሽ፤ እንደሚለማመድ ሰው። በሩን ከፍተሽ ስትወጪ «ማነው የራበው?» አልሽን። ያንን ፊት ውሸት ብዬው አላውቅም። እኛ እንዳንፈራ ነበር። ግን ማንም አንቺን «አይዞሽ» እንዳይልሽም አደረገ። እኔ አይቼሽ ነበር፤ እንዳላየ ሆንኩ። በሰባት ዓመቴ ማስመሰል የጀመርኩት ያኔ መሰለኝ።

አሁን ግን ልጅ አይደለሁም፣ እማዬ። የምትከልይኝ ነገር የለም። ለጎረቤት፣ ለዘመድ የፈለግሽውን ፊት አሳዪ፤ ሰው ፊት ገመናን መሸፈን መብትሽ ነው። ከእኔ ጋር ግን ይቅርብን። ከአንገት በላይ አናውራ።

እኔ ልጀምር። ሥራ የለኝም። የቤት ኪራይ ያስፈራኛል። ትናንት ማታ አልቅሻለሁ፤ ውሃ ሳልከፍት።

እሁድ እደውላለሁ። መጀመሪያ የምጠይቅሽ ስለ ጉልበትሽ ነው። የትኛው እንደሆነ፣ ሌሊት ያስተኛሽ እንደሆነ፣ ደረጃውን እንዴት እንደምትወጪ ንገሪኝ። «ምን እሆናለሁ» እንዳትይኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ