የቅዳሜው የንድፍ ውሏችን

ሰላም የሥዕል ቡድናችን አባላት፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ታንኳዎቹ ከሚቆሙበት እንገናኝ። አምና ዋርካ ሥር የሣልኳት የቡና መሸጫ ዛሬ ቦታዋ ላይ የለችም፤ የቀረችው እኔ ደብተር ላይ ነው። ይህ ውስጤን ነክቶኛል። ስለዚህ የሐይቁን ውበት ብቻ አትሣሉ። ሰው የት አረፍ ይላል? ጥላ ያለው የት ነው? ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎች ዛሬ ከየትኛው ዳርቻ ይነሣሉ? እነሱን ስትሥሉ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ ንድፉንም አሳዩአቸው።

ከሰዓት በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የሚረዝመውን የዓባይ ድልድይ እናያለን። ከሰልና ወፍራም ወረቀት ያዙ፤ ነፋስ ስላለ የወረቀት መቆንጠጫ አትርሱ።