አስካሪን በአሟሟቱ ብቻ አታስታውሱት

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ሳምንት የስፖርት ገጻችሁ ስለ ጣሊያን የመኪና እሽቅድምድም ሲያወሳ አልቤርቶ አስካሪን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያውም በአሟሟቱ ብቻ አልፎታል። ቅር ብሎኛል።

ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1952 እና በ1953 በፌራሪ መኪና የዓለም ሻምፒዮን ነበር። በ1952 ከቤልጂየም እስከ ጣሊያን የተካሄዱትን ስድስት ውድድሮች በተከታታይ አሸንፏል። በእርግጥ በዚያ ዓመት ዋነኛ ተቀናቃኙ ፋንጂዮ አንገቱ ተሰብሮ ተኝቶ ነበር፤ ይህንን አልክድም። በ1953 ግን ፋንጂዮ ተመልሶም የበለጠው አስካሪ ነው።

አሟሟቱም ቢሆን በቅጡ ሊነገር ይገባዋል። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 1955 ሞናኮ ላይ ሲወዳደር ላንቺያ መኪናው ከነነፍሱ ባሕር ውስጥ ይዛው ገባች። አፍንጫው ተሰብሮ ዋኝቶ ወጣ። በአራተኛው ቀን ጣሊያን ውስጥ ወዳለው የሞንዛ መወዳደሪያ ሜዳ፣ ወዳጁ ተወዳዳሪው ካስቴሎቲ የፌራሪ መኪና ሲሞክር ሊያይ ሄደ። ከዚያም ከረባቱን እንዳሰረ፣ የካስቴሎቲን የራስ ቁር ተውሶ ጥቂት ዙር ልንዳ አለ። ጥቁር ድመት ካየ መንገድ የሚቀይር፣ ሰማያዊ የራስ ቁሩን ማንም እንዲነካበት የማይፈልግ ሰው፣ በሰው ቁር! በሦስተኛው ዙር መኪናዋ ተገለበጠች።

ዕድሜው 36 ነበር። አባቱ አንቶኒዮም በ1925 ፈረንሳይ ውስጥ ሲወዳደር የሞተው በ36 ዓመቱ ነው። ሁለቱም ሚላኖ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀብረዋል።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ