የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ
ሐዋሳ

ክበባችን ዘንድሮ ዘወትር ረቡዕ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እየተሰበሰበ የመረመረው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ኅዳር 22 ቀን 1941 ዓ.ም. (ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር የመለሱት አባሎቻችን የኅዳር ጽዮን ማግሥት ሆኖ አገኙት) በአውስትራሊያ፣ በአዴላይድ ከተማ በሚገኘው የሶመርተን ባሕር ዳርቻ የአንድ ሰው አስከሬን ተገኘ። የለበሰው ልብስ መለያ ጨርቆቹ ተነሥተው ነበር፤ ኪሱ ሲፈተሽም የባቡር ቲኬት፣ ማበጠሪያ፣ ማስቲካና ሲጋራ እንጂ መታወቂያ አልተገኘም። ቆይቶ ከሱሪው ትንሽ ኪስ ውስጥ «ታማም ሹድ» የሚል የታተመ ቁራጭ ወረቀት ወጣ። ትርጉሙ በፋርስኛ «ተፈጸመ» ማለት ነው፤ በብራና መጻሕፍታችን መዝጊያ ላይ የምናነበው ቃል መሆኑን ያስታወሰን የአማርኛ መምህራችን ነው። ቁራጩ የተቀደደው ከዑመር ኻያም የግጥም መጽሐፍ ሲሆን፣ መጽሐፉ ሲገኝ በጀርባው እስከ ዛሬ ያልተፈቱ የፊደል መስመሮች ታዩበት።

እነዚህን ፊደላት ለመፍታት ሦስት ሳምንት አጠፋን፤ አጠፋን ማለቴ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም አባላቱ ሰውየው ሰላይ ነው ብለው አስቀድመው ስለ ወሰኑ ፊደሉን ሁሉ ወደዚያው ይጎትቱት ነበር። በአንጻሩ አንድ ቀን እያንዳንዱ ተማሪ ኪሱን ጠረጴዛ ላይ እንዲያራግፍ ስንጠይቅ፣ ከሃያ ሁለቱ የባለቤቱን ስም የያዘ ነገር የተገኘው በሁለቱ ኪስ ብቻ ስለ ነበር ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሥራችን ስለ ዲ.ኤን.ኤ. ነበር። በቤተ ሙከራ ዕቃ እጥረት የተነሣ ከገበያ በተገዛ ሙዝ፣ በጨው፣ በፈሳሽ ሳሙናና በቀዝቃዛ አልኮል ተጠቅመን ነጫጭ ክሮቹን በዓይናችን አየን። ከዚህ በኋላ የአዴላይድ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዴሪክ አቦት የተከተሉትን መንገድ መረዳት ቀለለን፤ ፖሊስ ከቀብሩ በፊት የሟቹን ፊትና ደረት በጀሶ ቀርጾ አስቀርቶ ስለ ነበር፣ በጀሶው ውስጥ የቀሩት ጸጉሮች ከዘመዶች የዘር ሐረግ ጋር ተነጻጽረው፣ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ሰውየው በሜልበርን የተወለደ ካርል ዌብ የተባለ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው የሚል መግለጫ ወጣ። ፖሊስ ግን ያን ጊዜ ግኝቱን አላረጋገጠም፤ ሰውየው በምን እንደ ሞተም ስሙ አይነግረንም።

የክበቡ መዝገብ «የተረጋገጠ» እና «የሚባል» በሚሉ ሁለት ረድፎች የተከፈለ ነው። የዌብ ስም በየትኛው ይግባ በሚለው ላይ አባላቱ እስከ ሰኔ ስላልተስማሙ፣ በሁለቱ ረድፎች መካከል ባለው መስመር ላይ በእርሳስ ጽፈነዋል።